ሙቀቱን ሳልጠይቅህ

ጥር 28

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሰፊዋም ደህና ናት፤ አጠገቤ ተቀምጣ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች "ሰላም በልልኝ" ትላለች። ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደርሶኛል። "የጠመቅከው ቢራ እንዴት ሆነ?" ላልሽው፣ እባክሽ ሳትስቂ አንብቢ።

ኮምጣጤ ሆነ።

ብቅሉን እንዳልሽኝ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ የቢራውን ጌሾ፣ መራራውን ሆፕ፣ ጨምሬ አንድ ሰዓት ሙሉ አፈላሁት። እስከዚያ ድረስ እንከን የለኝም። ከዚያ ይቀዝቅዝ ብዬ ድስቱን መስኮት ሥር አስቀምጬ፣ የአንድ ሥጋ ቤት ፍሪጅ ተበላሽቶ ስለጠሩኝ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ገና ለብ እንዳለ ነው። በማግስቱም እንዲሁ። እርሾውን ስጨምርበት ለካ የማላውቀው ሌላ እንግዳ ቀድሞኝ ገብቶ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን አከራያችን በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ "ምን ሞቶባችሁ ነው?" አለችኝ።

ሰፊዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ከተማውን ሙሉ የሚያቀዘቅዝ ሰውዬ አንድ ድስት አቃተው" ብላ ለሰፈሩ አዳረሰችው።

እኔና ሰፊዋ ቀኑን ቆርጠናል፤ ሠርጋችን ሚያዝያ 19 ነው። ለእንግዳው ሁሉ በእጄ የጠመቅኩትን ቢራ አቀርባለሁ ብዬ አፌን ከፍቻለሁና አሁን መመለሻ የለኝም። አንቺ ውሎሽ ቢራ ፋብሪካ ነው፤ የምታውቂውን ሁሉ ጻፊልኝ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ የጫማ ክር ማሰር እንኳ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይህንንም አስተምሪኝ።

ወንድምሽ

(ኅዳጉ ላይ፣ በሰፊዋ እጅ፦) እታለም፣ ለሠርጉ የምትለብሺውን ቀሚስ ፎቶሽን አይቼ በግምት ጀምሬዋለሁ። ወገብሽ ከበፊቱ ከሰፋ አሁኑኑ አሳውቂኝ፤ ከተቆረጠ በኋላ ጨርቅ አይቀጠልም።


የካቲት 9

ለማሙሽ፣

ሠላሳ ዓመት ቢሞላህም፣ ሚስት ብታገባም ለእኔ ማሙሽ ነህ፤ አትቆጣ።

ሳቅኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ! የመጥመቂያ ክፍሉ ሰዎች "ምን ሆና ነው?" እስኪሉ ድረስ ሳቅኩ። ስማኝ፤ የፈላው ነገር በቶሎ ካልቀዘቀዘ አየር ላይ ያለው ተሐዋስ ሁሉ ይወርስብሃል። ትልቅ ሳፋ በበረዶ ሙላ፣ ድስቱን መሃሉ ላይ አስቀምጥ፣ በፈላ ውሃ ባጠብከው ማንኪያ አማስል። ከግማሽ ሰዓት በላይ መፍጀት የለበትም። የሚነካው ነገር ሁሉ፣ እጅህም ጭምር፣ እንደ ሐኪም ዕቃ ንጹሕ ይሁን።

እርሾውን ደግሞ ነፍስ እንዳለው ነገር ቁጠረው። ሲሞቀው ያብዳል፣ ሲበርደው ይተኛል። አትነዝንዘው፣ በየሰዓቱ እየከፈትክ አትየው። ባል ልትሆን አይደል? ትዕግሥት ከአሁኑ ተለማመድ።

ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ከሰባት ዓመት በኋላ ፊትህን ላየው ነው። ለሰፊዋ "ወገቧ እንደነበረ ነው" በላት። ውሸት ነው፤ ትንሽ ለቀቅ ታድርገው። ያስለኛል።

እህትህ


የካቲት 26

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንዴት ነሽ? ሳልሽ ተሻለሽ ወይ? በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንድ ቃል ብቻ ጠቅሰሽ ስለተውሽው ሰፊዋ "ደብቃን ነው" እያለች ነው።

ሁለተኛው ጠመቃ ልዩ ነው! በረዶውን ከዓሣ ሻጩ አምጥቼ በሃያ ደቂቃ አቀዘቀዝኩት። በርሜሉን ሱቄ ጥግ አስቀመጥኩት፤ ከክዳኑ የወጣችው ቱቦ ጫፏ ውሃ ውስጥ ሆና ቡልቅ ቡልቅ ስትል ማየት እንዴት ደስ ይላል! ደንበኛ ሁሉ ሥራውን ትቶ እሷን ያያል።

ከዚያ ሙቀት መጣ። ሱቁ ቆርቆሮ መሆኑን ታውቂያለሽ። በአራተኛው ቀን ቱቦዋ በአረፋ ተደፍና ክዳኑ "ዷ!" ብሎ ጣራ መታ። የአንዲት ሴትዮ ፍሪጅ እየፈታሁ ነበር፤ ሴትዮዋ "ኧረ በሕግ!" ብላ ከሱቁ ወጣች። ጣራው እስካሁን ይንጠባጠባል።

"ሲሞቀው ያብዳል" ያልሽው ትዝ አለኝ። ሙያዬ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል ብዬ በርሜሉን አሮጌው ትልቁ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። ወዲያው ጨዋ ሆነ። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፤ አንዲት ቡልቅታ የለም፣ ጸጥ ብሏል። አልቋል ማለት ነው? ጠርሙስ ልሙላ? ቀኑ እየደረሰ ነውና ቶሎ መልሺልኝ።

ወንድምሽ

(ኅዳጉ ላይ፣ በሰፊዋ እጅ፦) ስድሳውን ጠርሙስ አንድ በአንድ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ምስጋናው ለእሱ እንዳይሄድ።


መጋቢት 6

ማሙሽዬ፣

በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ፤ ፋብሪካው ሊመረመር ነው ተብሎ እግራችን መሬት አይነካም። ሳሉ የብርድ ነው፣ አታስቡ።

ቡልቅታው ከቆመ አልቋል ማለት ነው። ሙላው። በየጠርሙሱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፤ ቆርኪውን ጥብቅ አድርገህ ምታው። ከዚያ ሞቅ ያለ ቦታ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፣ ጋዙን ይይዛል። ከሠርጉ ሦስት ቀን በፊት ታቀዘቅዘዋለህ።

የቀረውን በአካል እናወራዋለን። ሳምኳችሁ።

እህትህ


ሚያዝያ 2

ይድረስ ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይቅርታ፣ ደብዳቤ ሳልጽፍልሽ ቆየሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ቢራው አልሆነም፤ ደፋሁት። ሠርጉም ለጊዜው ተላልፏል። በዚህ ምክንያት ጉዞሽን ሰርዢው፤ ፈቃድሽን በከንቱ አታቃጥይ። ቀኑ ሲቆረጥ አሳውቅሻለሁ።

ሁላችንም ደህና ነን።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 16

ለማሙሽ፣

ደብዳቤህ ሻንጣዬን ቆልፌ ቁጭ ባልኩበት ደረሰኝ። መልሼ ፈታሁት።

"ሁላችንም ደህና ነን" ብለህ የጻፍከውን አሥር ጊዜ አነበብኩት። አንተ "ሁላችንም" ብለህ አታውቅም፤ ሁሌ "እኔና ሰፊዋ" ነው የምትለው። እሷስ ምነው ኅዳጉን ባዶ ተወችው? አንዲት ቃል እንኳ? ታመመች? ተጣላችሁ? ሠርግ የሚተላለፍበት ምክንያት አለው፤ አንተ ግን የጻፍክልኝ ስለ ውሃ መቋረጥ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ይመስላል።

እኔ ሰው ነኝ፤ ያልነገርከኝን በሐሳቤ እየሞላሁ እያበድኩ ነው። እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ


ግንቦት 8

ይድረስ ለእታለሜ፣

አልታመመችም። አሁን ደህና ናት።

ተለያይተናል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷ አንድም ጥፋት የለባትም። ወደ እናቷ ቤት ሄዳለች። "ሌላ ሴት አለች ወይ?" ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ፤ የለችም። እንዴት እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ። አንቺን የሚመለከት ነገር አይደለም።

የጀመረችልሽን ቀሚስ ጨርሳው ነበር። እኔ ዘንድ አለ።

ወንድምሽ


ግንቦት 23

ወንድሜ፣

"አንቺን የሚመለከት ነገር አይደለም።" ይህን የጻፈውን እጅ እርሳስ ያስያዝኩት እኔ ነበርኩ።

እሺ፣ አይመልከተኝ። ግን ልንገርህ። ያች ልጅ ሦስት ዓመት ጠብቃሃለች። ሱቅ ሳይኖርህ፣ ፍሪጅ በጀርባህ ተሸክመህ ስትዞር የመረጠችህ ናት። ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እናቷ ቤት የምትገባ ሴት ሰፈር ውስጥ ምን እንደምትባል አስበህ ታውቃለህ? የሰው ልጅ እንደ አሮጌ ሞተር አውጥተው የሚጥሉት ነገር ነው? እኔ እንዲህ አድርጌ አላሳደግኩህም። እናታችን በሕይወት ብትኖር አንገቷን ትደፋ ነበር።

አንተ ምክንያትህን ደብቅ። እኔ ግን ቤተሰብ ነኝና ይቅርታ ልጠይቃት ለራሷ ጽፌያለሁ፤ ደብዳቤውን በእናቷ ቤት አድራሻ፣ ከዚህኛው ጋር በአንድ ቀን ነው የምልከው።

እህትህ


ሰኔ 6

እታለሜ፣

የጻፍሽው ሁሉ ልክ ነው። ስድቡን ተቀብያለሁ፤ ከዚህም በላይ ጨምሪበት።

እሷ የምትመልስልሽን ደብዳቤ ግን አትክፈቺው። ከደረሰሽ እንዳለ ወደ እኔ ላኪው። በእናታችን ነፍስ ይሁንብሽ። በሕይወቴ የለመንኩሽ ነገር ጥቂት ነው፤ ይህንን እሺ በይኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 1

ማሙሽዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከፈትኩት። የአንተ ልመና የደረሰኝ ካነበብኩት በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢደርሰኝም እከፍተው ነበር።

በራሷ እጅ ነው የጻፈችው። መስመሮቹ እየወረዱ እየወረዱ ወረቀቱ ጥግ ይጠፋሉ። አንድም ቦታ አልከሰሰችህም። ሙቀቱ በጸናበት አንድ እሑድ የጠርሙሶቹ አንገት ላይ ሪባን ልታስር ወደ ሱቅህ መጣች። አንተ ደጅ ከደንበኛ ጋር ነበርክ። ከኋላ ያለው አንዱ ጠርሙስ ፈነዳ። ሌሎቹ እንዳይሰበሩ ብላ ሳጥኑን ልትስብ ጎንበስ ስትል ሁለተኛው ፊቷ ላይ ፈነዳ። ሐኪሞቹ ግራ ዓይኗን አወጡት። ይህን ሁሉ በአራት መስመር ጽፋ "ከእግዜር ነው" ብላ ዘጋችው።

እኔ ግን አልዘጋሁትም። የላክልኝን ደብዳቤዎች ሁሉ አውጥቼ የየካቲት 26ቱን አነበብኩ። እዚያው ተጽፏል፣ በጉልህ እጅህ፦ "ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት።" እርሾው አልጨረሰም ነበር፤ በርዶት ተኝቶ ነው። እኔ ደግሞ የተኛውን አልቋል ብዬ፣ ስኳር ጨምር፣ ቆርኪውን ጥብቅ አድርገህ ምታ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጥ አልኩህ። ሲሞቀው ነቃ። መውጫ አልነበረውም።

ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው። በፈረቃዬ አርባ ጊዜ ሙቀት የምለካ ሴት፣ ለገዛ ወንድሜ "ስንት ዲግሪ ላይ ነው ያለው?" ብዬ አንዴ አልጠየቅኩም። ቸኩዬ ነበር። ደብዳቤህን ቆሜ ነው ያነበብኩት።

አንተ ይህን ታውቅ ነበር። መቼ ነው የገባህ? ቁርጥራጩን ስትለቅም? አውቀህ ዝም አልክ፤ ስሰድብህ ዝም አልክ፤ በእናታችን ስም ስመጣብህ "ልክ ነው" አልክ። ከእኔ ላይ ልታነሳው ብለህ ሁሉንም በራስህ ላይ ጫንከው። ማሙሽ፣ እኔ እንዲህ አድርጌ አላሳደግኩህም ብዬህ ነበር። አፌ ይቆረጥ።

ለእሷም ጽፌያለሁ፤ የማን ስህተት እንደሆነ አንድም ሳልደብቅ። አንተ ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ "ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ለምን ወደ እኔ አልገባም? ፊቴን ፈርቶት ነው?"

እኔ መልሱን አላውቀውም። አንተ ሂድና ንገራት። ነገ ሳይሆን ዛሬ።

እህትህ


ነሐሴ 4

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን አለሽ? የእኔን ላልሽው፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ስለ አፍሽ እንዲያ ብለሽ ሁለተኛ እንዳትጽፊ።

መቼ እንደገባኝ ጠይቀሻል። ሐኪሙ ልብሷን ወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጎ ሲሰጠኝ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ "የት ላይ ነው የሳትኩት?" ስል ከመጀመሪያው አንስቼ ቆጠርኩ፤ በረዶው፣ ክዳኑ፣ ፍሪጁ... ፍሪጁ ጋ ስደርስ ደነገጥኩ። ከዚያ ደብዳቤሽ ትዝ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ተናድጄብሽ ነበር። ከዚያ አለፈ። ፍሪጅ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ብርድ ነገርን እንደሚያስተኛ እንጂ እንደማይገድል ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ብነግርሽ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ተሸክመሽው እንደምትዞሪ አውቅሻለሁ። አንድ ሰው ከተሸከመው ይበቃል አልኩ።

ሄጄ ነበር። እናቷ በሩን ከፈቱልኝ፣ ሰላምታዬን ተቀበሉ፣ ሌላ ምንም ሳይሉ በእጃቸው ወደ ውስጥ አመለከቱኝ። መስኮቱ አጠገብ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የመነጽሯ የግራ መስታወት ጥቁር ነው። ቀና አላለችም፤ የጀመረችውን ስፌት እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ተቀመጥ" አለችኝ። "ለሁለት ወር ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቶኝ ነበር። ርቀቱ ይጠፋብኛል። አሁን በጣቴ እየዳሰስኩ አስገባለሁ።"

የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋብኝ። ዝም ብዬ ነገርኳት። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ሆስፒታል መጥቻለሁ አልኳት። ሐኪሙ "ዓይኑ አይተርፍም" ያለኝ ጊዜ ምን ብዬ እንደምገባ አላወቅኩም። በሩ ድረስ እመጣለሁ፣ እጀታውን እይዛለሁ፣ "እንዴት ሆነ?" ብትለኝስ ብዬ እመለሳለሁ። ፊቷን አልነበረም የፈራሁት። የፈራሁት ጥያቄዋን ነው። በአምስተኛው ቀን ስመጣ እናቷ "ማንንም ማየት አልፈልግም ብላለች" አሉኝ። የሚገባኝ ነው ብዬ ሄድኩ።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"መምጣትህን። ሁለቱም ዓይኔ ነበር የታሸገው፤ ጆሮዬን ግን ማንም አላሸገውም። አንዱ ጫማህ ሲጢጥ ይላል። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ነው የማውቅህ። ሲጢጥ እያልክ በሩ ጋ ትመጣለህ፣ ትቆማለህ። 'አሁን ገባ' ብዬ ፀጉሬን በእጄ አስተካክላለሁ። ከዚያ ሲጢጥ እያልክ ትሄዳለህ። አራት ቀን ሙሉ። በአምስተኛው ጠዋት ፋሻው ሲፈታልኝ መስተዋት አስመጣሁና ፊቴን አየሁት። 'ለዚህ ነዋ' አልኩ።"

እታለሜ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። "ለዚህ አልነበረም!" ብዬ ጮህኩ፤ እናቷ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"አሁን ገብቶኛል" አለች። "ያኔ ግን የሚነግረኝ አልነበረም። አንተ ነበርክ መናገር የነበረብህ።"

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ ነው፤ ለአፍ አይደለም።"

እኔ ሞኙ ይህን ሰምቼ፣ "እንግዲያው እንደገና..." ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

"አንድ ቀን ብወልድና ልጁ ቢታመምስ? እኔስ ብታመም? እንደገና በር ይዘህ እንደማትመለስ በምን አውቃለሁ? የእግርህን ድምፅ እያዳመጥኩ መኖር አልችልም።"

ልምልላት አፌን ከፈትኩ። "አትማል" አለችኝ፤ ሳትቆጣ፣ እንዲያውም እንደ በፊቱ ለስለስ ብላ። "ብትምል አምንሃለሁ። እሱን ነው የምፈራው።"

ለአንቺ መልእክት ሰጥታኛለች፣ ቃል በቃል ነው የማስተላልፈው፦ "ለእታለም፣ የጻፈችልኝን አንብቤዋለሁ በላት። ዓይኔን የወሰደው ጠርሙስ ነው፤ እኛን የለያየን ግን እሱ አይደለም። እህትነቷን እንዳትወስድብኝ።" ደብዳቤ ጻፊላት። ረጅም ጻፊላት፤ ከእኔ ጋር የቆረጠችውን ከአንቺ ጋር አልቆረጠችውም።

ስነሳ እስከ አጥሩ በር ልሸኝህ አለችኝ። ግቢው ረጅም ነው፤ ግራና ቀኝ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበታል። ጎን ለጎን ሆነን ስንሄድ መሃል ላይ ቆመች። አንገቷን አዙራ ፈለገችኝ።

"የት አለህ?" አለች።

በግራዋ በኩል ነበርኩ፤ አላየችኝም። ዞሬ በቀኟ በኩል ሆንኩ። "አለሁ" አልኳት። በዚያው ጎን ሆኜ እስከ በሩ ሄድን፤ እዚያ ስንደርስ "ከዚህ በኋላ መንገዱን ታውቀዋለህ" ብላኝ ተመለሰች። ልብሶቹ መሃል ገብታ እስክትጠፋ ድረስ አየኋት። አልዞረችም።

ሳልሽን ታከሚ፤ በአንድ ቃል አትለፊኝ። እኔም ከእንግዲህ አልደብቅሽም። ፈቃድ ካገኘሽ ነይ። ሠርግ የለም፣ ድግስ የለም፤ እንዲሁ ነይ።

ወንድምሽ